ስም የሌላቸው ብልቃጦች

የካናዳዋ ካልጋሪ መጋቢት ሰው ግራ ማጋባት ይወዳል። ጠዋት አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ ይሆንና፣ ከቀትር በኋላ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ የበረዶውን ክምር ጭቃ ያደርገዋል። በ1986 ዓመተ ምሕረት በአንድ ቅዳሜ፣ ጽገወይኒ ካፖርቷን ትልበሰው ታውልቀው ሳታውቅ፣ የሦስት ልጆቿን ልብስ በከረጢት ተሸክማ ሰቨንቲንዝ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች።

የአየሩስ ይሁን፤ የእሷ ልብ ግን ከአየሩ የባሰ ተምታቶባት ነበር። የወር አበባዋ ከቀኑ ዘጠኝ ቀን አልፏል። ፒል የሚሉትን የወሊድ መከላከያ እንክብሏን አንድም ቀን ሳታጓድል ውጣለች። በዚያ ላይ፣ በጥቅምት ወር በራጅ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባት የሚሰጧትን ቀይ ካፕሱል በየማለዳው ትወስዳለች። ካፕሱሉን ከጀመረች ወዲህ ደግሞ ሽንቷ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ቀልቷል። የክሊኒኳ ነርስ ስለዚህ አንድ ነገር ብላት ነበር፤ በእንግሊዝኛና በጥድፊያ ስለነበር ግን አልያዘችውም። አሁን፣ “ደሜ መንገዱን ስቶ በዚያ በኩል እየወረደ ይሆን?” እያለች ሌሊት ታስባለች። አራተኛ ልጅ ቢመጣ፣ ገና ከሳንባዋ ሳትድን፣ ምን ይውጣት?

ከማድረቂያው አጠገብ እትዬ የዓለምወርቅ አንሶላ ሲያጥፉ አገኘቻቸው። እትዬ የዓለምወርቅ ከእሷ ቤት በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ምክር የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። ኤድመንተን ከተማ የምትኖር ብዙአየሁ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ በምን እንደተጣሉ ባይናገሩም፣ ልጅቱ ከደወለች ሁለት ዓመት እንዳለፋት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ጽገወይኒ ካፖርቷን ልታወልቅ ስትል ከኪሷ አንድ ብልቃጥ ወድቆ ተንከባለለና፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ከምታነብ ወጣት እግር ሥር ቆመ። ወጣቷ ዓይሻ ነበረች፤ በኮሌጅ ነርሲንግ የምትማር፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ።

“ጽጌ፣ ይሄ ያንቺ ነው?” አለች ብልቃጡን አንስታ። “ስሙን ማን ላጠው?”

“ቫይታሚን ነው!” አሉ እትዬ የዓለምወርቅ ጽገወይኒን ቀድመው።

“ቀይ ቫይታሚን?” ዓይሻ ፈገግ አለች። “እትዬ፣ እኔ ይሄን ካፕሱል ባለፈው ሴሚስተር ነው የተፈተንኩበት። ለቲቢ የሚሰጥ ነው። ማለቴ፣ ለማንም አልናገርም።”

ጽገወይኒ መሬቱ ቢከፈትላት በወደደች። የብልቃጡን ወረቀት በሙቅ ውሃ ያስላጣት የእትዬ የዓለምወርቅ ምክር ነበር። የፒሉንም ካርቶን ቀድዳ የጣለችው በእሳቸው ምክር ነው።

“እና ምን ታድርግ?” አሉ እትዬ የዓለምወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “የሳንባ በሽታ አለባት ከተባለ፣ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ብርጭቆዋን ይለዩባታል። የወሊድ መከላከያ ትውጣለች ከተባለ ደግሞ፣ የሚባለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ከአፍ የወጣ ከእጅ የወደቀ ነው፣ ልጄ።”

“ሰው ይቅር እሺ” አለች ዓይሻ። “ለሐኪሞቹስ ነግራለች? ፒሉን የሰጣት ዶክተር ስለ ቲቢው ያውቃል?”

“ለምን ያውቃል?” አሉ እትዬ የዓለምወርቅ ተደንቀው። “ለሳንባ ሐኪም ሳንባውን፣ ለማህፀን ሐኪም ማህፀኑን። ፈረንጅ ለየብልቱ ለየብቻ ሐኪም ያቆመው ለምን መሰለሽ?”

“ሐኪሙ ይለያይ እንጂ ሰውነቱ አንድ ነው፣ እትዬ።”

ጽገወይኒ አላስቻላትም። “ዓይሻ፣ ዘጠኝ ቀን አልፎኛል” አለች በሹክሹክታ። “ፒሉን ግን አንድ ቀን አልዘለልኩም። በልጆቼ እምላለሁ!”

ዓይሻ መጽሐፏን ዘጋች። “አምንሻለሁ። ግን ቀዩ ካፕሱል የፒሉን ኃይል ይቀንሰዋል።”

“ሆድ ውስጥ ይጣላሉ እንዴ?”

“አይጣሉም። ሆቴል ክፍል ታጸጃለሽ አይደል? ሱፐርቫይዘርሽ ‘ቶሎ ቶሎ’ እያለ ቢጮህብሽ፣ እንግዳው ከአልጋው ሳይነሳ አንሶላውን ልትገፍፊ ትችያለሽ። ጉበትሽ እንደዚያ ሆኗል። ቀዩ መድኃኒት ያጣድፈዋል፤ እሱም ፒሉ ሥራውን ሳይጨርስ ከሰውነትሽ ጠርጎ ያወጣዋል።”

“እንግዲያው ቀዩን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ!”

“ኖ፣ ኖ! በፍጹም! እሱን ካቋረጥሽ ቲቢው ይመለሳል፤ ሲመለስም መድኃኒቱን ለምዶ እምቢ ሊል ይችላል።”

“ታዲያ ፒሉን ሁለት ሁለት ልዋጥ?”

“እሱንም በራስሽ አታድርጊ።”

“ሁለቱንም ዋጪ፣ ግን አይሠራም ነው የምትይኝ?” ጽገወይኒ ግንባሯን ያዘች። “ዓይሻ፣ ባሰብኝ እኮ!”

“የምልሽ፣ ሁለቱንም ይዘሽ ለሚያውቅ ሰው አሳዪ ነው። ቲቢው ይታከማል፤ እርግዝናውን ደግሞ በሌላ መንገድ ትከላከያለሽ። እትዬ፣ ‘በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም’ ሲባል አልሰሙም?”

“ተረቱን እኔው አስተምሬሽ በእኔው ትመቺኛለሽ?” አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። ቀጥለው ግን፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ “ይሄ የሚሆነው በሳንባ መድኃኒት ብቻ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“አይደለም። ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት አንዳንዶቹም እንዲሁ ያደርጋሉ።”

እትዬ የዓለምወርቅ የያዙት አንሶላ ከእጃቸው ወደቀ። ለማንሳት አላጎነበሱም።

“ብዙአየሁ ከልጅነቷ ይጥላታል” አሉ። “ባል አታገኝም ብዬ ወረቀቱን ከብልቃጧ ላይ የላጥኩት እኔ ነኝ። ፒሉን ለሰጣት ሐኪም እንዳትነግሪ ያልኳትም እኔው ነኝ። ሳታስበው ስታረግዝ፣ ‘እማዬ፣ በሰዓቱ ውጫለሁ’ ብላ ማለችልኝ። እኔ ግን ‘ውሸታም፣ ሆን ብለሽ ነው’ አልኳት። ባሏም የእኔን አፍ ሰምቶ ‘ዋሽተሽኛል’ አላት።” ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። “እውነቷን ነበር ማለት ነው?”

“እርግጠኛ ለመሆን መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብን” አለች ዓይሻ በቀስታ። “ግን ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። በጣም ሊሆን ይችላል።”

እንግዲህ ምክር የሚከብደው ሌላውን ሲነካ ሳይሆን የገዛ በርን ሲያንኳኳ ነው። እትዬ የዓለምወርቅ አንሶላውን አንስተው ሳያጥፉ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቁትና፣ “ተነሺ፣ ጽገወይኒ። ፋርማሲው ሳይዘጋ እንሂድ” አሉ።

ፋርማሲስቱ ቀዩን ካፕሱልና ከቤት ያመጡትን ፒል ካየ በኋላ ዓይሻ ያለችውን አረጋገጠ። ስማቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለሁለቱም ሐኪሞች እንድታሳይ ነገራት። ሰኞ ዕለት የፒሉ ዶክተር መረመራት፤ እርግዝና አልነበረም። የወር አበባዋ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ ተመልሳ እንድትመረመር አዘዛት። የቲቢ መድኃኒቷን እስክትጨርስና ከዚያም በኋላ ፒሉ እንደገና ይሠራል እስክትባል ድረስ በኮንዶም እንድትጠቀም፣ ካልተመቻትም ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው ሉፕ እንዲነጋገሩ አስረዳት። የሽንቷም መቅላት ከመድኃኒቱ ቀለም የመጣ እንጂ መንገድ የሳተ ደም አልነበረም። የወር አበባዋ ሐሙስ መጣ። ጽገወይኒ መታጠቢያ ቤት ገብታ ብቻዋን ሳቀች፣ አለቀሰችም።

አንድ ጥያቄ ስንት ጭንቀት እንደሚያድን ከዚህ ይታያል። የቲቢውም ሆነ የሚጥል በሽታው መድኃኒት፣ የተረፈ ክኒንም ሆነ ከአገር ቤት የመጣ ቅጠል፣ አዲስ ነገር ከመውሰድ በፊት “ይሄንንም እወስዳለሁ” ብሎ መናገር ነው። ስሙን ያልላጡት ብልቃጥ፣ ቋንቋ ለማይችልም እንኳ አፍ ይሆንለታል። ሐኪም የሚያክመው የተነገረውን ነው፤ ያልተነገረውን በምን ያውቃል?

በቀጣዩ እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ የዓለምወርቅ ጽገወይኒ ቤት ወረዱና ስልኳን ጠየቁ። የራሳቸው ስልክ ነበራቸው፤ ብቻቸውን መደወሉን ግን ፈርተው ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። በሦስተኛው ተነሣ።

“ብዙዬ፣ እኔ ነኝ። አትዝጊብኝ” አሉ። “ፒሉን ውጠሽ ነበር። አሁን አምኜሻለሁ።”

ከወዲያ በኩል አንድ ሕፃን ‘ማሚ’ እያለ ይጣራል።

“መድኃኒትሽን አሁንም ትወስጃለሽ?”

“እወስዳለሁ” አለች ብዙአየሁ።

“ብልቃጡ ላይ ስም አለው?”

“አለው።”

እትዬ የዓለምወርቅ ከጽገወይኒ እጅ እርሳስ ተቀበሉ። “እስቲ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ” አሉ፤ “እኔ ልጻፈው።”