ፍየሎቹና የጉሎ ፋጉሎ

አልዱባ በምትባል የገጠር መንደር ሳለሁ ሥራዬ ከጉሎ ፍሬ ለወፍጮ ሞተር የሚሆን ነዳጅ መጭመቅ ነበር። ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ታዲያ ለከብት መርዝ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ምን አያለሁ? የጎረቤታችን የአቶ አይኬ ፍየሎች መጋዘናችን ገብተው ከተቀደደ ጆንያ ፋጉሎ ይበላሉ! በሩን ሳልዘጋ የወጣሁት እኔው ነኝ። አባረርኳቸውና "ዝም ብል ማን ያውቃል?" የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ግን የሽማግሌው ኑሮ እነዚያ ፍየሎች ናቸው፤ እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ።

"አባት፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ፍየሎችዎ በእኔ ጥፋት መርዝ በልተዋል" አልኳቸው።

ወዲያው ተከትለውኝ መጡ። ከጆንያው ቆንጥረው አሸተቱና አፋቸው ውስጥ ከተቱት። "ኧረ አይቅመሱ!" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

"ይሄ ሰሊጥ ነው" አሉኝ እያላመጡ።

ለካ መጭመቂያውን የሞከርንበት የሰሊጥ ፋጉሎ ኖሯል! የጉሎው ጆንያ አፉ እንደታሰረ ጥግ ላይ ቆሟል። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። አቶ አይኬ ሳቁብኝ።

"ፍየሉስ ደህና ነው፤ የታመምከው አንተ ነህ" አሉና አጠገቤ ቁጭ አሉ።