ባለ ወርቅ ጥርሱ ቦስ

ከቦሌ ሚካኤል ወደ መገናኛ ስንሄድ እኔ ጋቢና ነበርኩ። ከኋላዬ ሁለት ተማሪዎች የክፍላቸው ልጅ እየሳለ ስለሚያስነብባቸው የጀግና ታሪክ ያወራሉ።

«አክተሩ እየበረረ ሁሉንም ይደበድባል፤ ቦሱን ግን አይነካውም።»

«ባለ ወርቅ ጥርሱን?»

«አዎ፣ ሰው ላይ የሚጮኸውን።»

«ባለፈው ይዞት ነበር እኮ!»

«ለቀቀዋ! ልጁን ለምን ስለው፣ ‹አባቴን አስቤ ነው የሳልኩት› አለኝ።»

«ውይ! አባቱ ምንድነው?»

«የታክሲ ሹፌር።»

ሹፌሩ ቴፑን ቀነሰ።

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ይገድለዋል?» አለ ሳይዞር።

«ቦስ መሞቱ አይቀርም፣ ጋሼ።»

«ኧረ አይገድለውም! ወረቀቱንም እርሳሱንም የሚገዛለት እሱ ነው» አለ ሹፌሩ።

ፈገግ ሲል የወርቅ ጥርሱን አየሁና፣ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አለፍኩ።