የባምባሲ ማርክ

ሥራ ቀይሬ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስመጣ፣ ልጄን ላስመዘግብ አንድ የግል ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩላችሁ። አስረኛን ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ነው ያለፈችው። ርእሰ መምህሩ ግን ካርዷን ገና ከመግለጡ፣ «የባምባሲ ማርክ አይታመንም፤ አስረኛን ትድገም» አለኝ። ደሜ ፈላ! የልጄን አንድ ዓመት እንዲህ በአንድ ቃል ሊበላው!

መልስ ልሰጠው ስል ልጄ ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ እኮ ባምባሲ እኛ ክፍል ነው የሚማረው። ወላጅ ሲጠራ መጥተው አይቼዎታለሁ» አለችው። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱማ... አያቱ ጋ ስለሚኖር ነው። ደግሞ እዚያ መምህራኑ ጎበዞች ናቸው» ብሎኝ አረፈ! ካርዷን ከእጁ ላይ መንጭቄ ተነሳሁ። «እንግዲያው መጀመሪያ የራስዎን ልጅ ያስደግሙ!»