ከማዶ የተወለደችው ጥጃ
እናንተዬ፣ ከወገዳ ገበያ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀኝ። በዱላዬ እየለካሁ ገባሁ። መሃል ስደርስ ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ተንሸራተተና ውኃው ደረቴ ላይ ወጣ። እኛ አገር የሞላ ወንዝ የሚሻገር ሰው ውኃውን ካየ ራሱ ይዞርበታል፤ ማዶ ያለ ሰው ፊት እያየን ነው የምንሻገረው። የእኔ ዓይን ግን ከውኃው አልነቀል አለ፤ አለቀልኝ አልኩ። ልትቀበለኝ የመጣችው ሚስቴ ከማዶ ጮኸች፦ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ላሟ ወለደች እኮ!»

ቀና አልኩ። «ምን ወለደች?»

«ሴት! ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት!»

«መልኳስ?»

«መጥተህ እያት!»

ዓይኔን ከፊቷ ሳልነቅል ስለ ጥጃዋ እየጠየቅኩ ተሻገርኩ። ዳር ስደርስ እጄን ለቀም አድርጋ ያዘችና ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

«ጥጃዋን የት አሰርሻት?» አልኳት።

«የምን ጥጃ? ላሟ ገና ናት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ዞሬ ውኃውን አየሁት። እኔም አጠገቧ ዘጭ አልኩ።