ደህናውን እጅ ማሰር

የሰው ወሬ እያዳመጣችሁ መውረጃችሁን አልፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ትናንት፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ ከመንሱራ ወደ ዲራ በሚሄደው አውቶቡስ አለፍኩ። ከፊቴ ግራ እጁን በሻርፕ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣትና አንዲት የቤት ሠራተኛ ተቀምጠው ነበር።

«ተሰብሮ ነው ወንድሜ?»

«አይ፣ እጁስ ደህና ነው። ሥራ ላይ ወድቄ ጭንቅላቴን ከተመታሁ ወዲህ አልታዘዝ አለኝ። ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ካልተሻለህ ኸላስ፣ አገርህ ግባ ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አሰርከው?»

«እንዲያርፍልኝ ነዋ።»

«የኔ ማዳም ስትሮክ መቷት ግራዋ ሲዝል፣ ሐኪሙ ያሰረው ደህናውን ነው።»

«አትቀልጂ እህቴ።»

«ወላሂ። በዛለው ለመሥራት ስትታገይ አንጎልሽ ውስጥ የተኙ ጂኖች ይነቃሉ፤ ሴል ከሴል የሚያያይዘውን ነገር ያሠራሉ አላት።»

«እጁ እምቢ ቢልስ?»

«መታገሉ ራሱ ይቀሰቅሳቸዋል። ሁሉም ሰው ይድናል ግን አላለም። አንተም ሐኪምህን ጠይቅ።»

«እሷስ?»

«አሁን ቴምር በራሷ እጅ ትጎርሳለች።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ ሆኖ እኔን እየጠበቀ ነው?»

«አንተ ደግሞ እሹሩሩ እያልክ ታስተኛዋለህ።»

ሳቀ። ሻርፑን ፈታና ቀኝ እጁን ዘረጋላት።

«ያላ፣ ይሄንን እሰሪልኝ።»

አሰረችለት። የመውረጃውን ቁልፍ ለመጫን ግራ እጁን አነሳ፤ ጉልበቱ ላይ ወደቀ፤ እንደገና አነሳው።

እኔም ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ የቦርሳዬን ዚፕ በግራዬ ብቻ ለመክፈት መታገል ጀመርኩ፤ እስቲ እናንተም ዛሬ ሞክሩት።