ፈትታው የመጣችው መቀነት

ትርሲትዬ፣ ነይ ወደዚህ ከጥላው ግቢ። ከዋጃ በዚህ ፀሐይ መጥተሽ ደግሞ ዳሱ አፍ ላይ ትቀመጫለሽ? ጠጋ በይ፣ ቦታ አለ። ይኸው ጠላ… ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ለብቻው ያስቀረሁልሽ። ማሽላችሁ እንዴት ነው? ወፍ አልጨረሰውም? የኛን ዘንድሮ ግሪሳው ከእኛ በፊት አጨደው። ድምፄ ከፍ ካለብሽ ይቅር በይኝ፣ ልጅነቴን ማማ ላይ ሆኜ ወፍ ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ፣ ዝቅ አድርጎ ማውራት አልለመደብኝም። እስከ ዳሱ ጫፍ ይሰማ ይሆናል… ይሰማ። ምን ክፉ ነገር ልናገር ነው?

እንዴት ያለ የአርባ ቀን ተዝካር ነው ግን፣ አየሽ? ጥሩወርቅ ነፍሷን ይማርና እንዲህ ያለ ዳስ በሕይወቷ አልተጣለላትም። ወንበሩ ከወልድያ ድረስ ነው የመጣው አሉ። ያ በትልቁ የተሰቀለው ፎቶዋስ፣ አላማረባትም? ልጇ ነው ያሠራው። እዚያ ከቀሳውስቱ ጎን፣ ሱፍ የለበሰው። አትዙሪ፣ አትዙሪ… ያይሻል። ስለ እሱ አይደለም የማወራሽ። እኔ የማወራሽ ስለ አንድ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል?

አንድ ሰው አለ፣ የዚሁ የቆቦ ልጅ። ጥንቅሽ እየመጠጠ እዚሁ አቧራ ላይ ያደገ። ተማረ፣ ተማረ፣ ተማረና… የልብ ተመራማሪ ሆነ። ግፊት፣ ስኳር፣ የሆድ ስብ፣ ሰው ገና ሳይታመም ወደፊት ምን ሊያመው እንደሚችል የሚያውቅ። ቀላል እውቀት መሰለሽ? አጠገቡ የተኛውን በሽተኛማ ማንም ያያል። እሱ የሚያየው የሩቁን ነው። ፈረንጅ አገር ተጠርቶ ሲናገር አዳራሹ ሙሉ ቆሞ ሲያጨበጭብለት በቴሌቪዥን አይተናል። ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎ ነበር፣ እኔም ብያለሁ።

ደግሞ አገሩን የሚረሳ አይደለም። ስንቱ ተምሮ በሄደበት ይቀራል፣ እሱ ግን መጣ። ለጥናት። ጤና ጣቢያው ግቢ ድንኳን አስተከለ፣ ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው ተጠራ። ረዳቶቹ ክንድ አስረው ግፊት ይለካሉ፣ ጣት ወግተው ስኳር ያያሉ። ወገብ የሚለካው ግን እሱ ራሱ ነበር። ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ ለማንም አላምነውም አለ። ጥንቁቅ ሰው ነው እኮ።

መቀነታችንን መቼም ታውቂዋለሽ። እናንተ ልጆቹ ተዋችሁት እንጂ እኛ ወገባችን ላይ አዙረን፣ አዙረን፣ ደግሞ አዙረን… ውስጡ የሣጥን ቁልፍ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ እምነት አለ፣ መሀረብ አለ። ለተ ብርሃንማ ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ትቋጥርበታለች፣ ለቡዳ ነው ትላለች። ያንን ወንድ ፊት ማን ይፈታል? እሱም ፍቱ አላለን። እንዴትስ ይበል፣ በወግ ያደገ ልጅ ነው። ዓይኑን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ያደርጋል፣ ሜትሩን በመቀነቱ ላይ ያዞራል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያስጽፋል፣ ቀጣይ ይላል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨዋ ሐኪም አይቼ አላውቅም።

ቆይቶ ሬዲዮው ምን አለ መሰለሽ? የራያ ቆላ ሴት ሆዷ ላይ የተሸከመችው ስብ ለልቧ የሚያሰጋ ነው አለ። ከሌላው አገር ሁሉ የባሰ። ለተ ብርሃንን ታውቂያት የለ፣ የጎኗ አጥንት በቀሚሷ ላይ የሚታይ። ባሏ ሐጎስ ሬዲዮኑን ዘጋና ከላይ እስከ ታች አያት። "የት ደብቀሽው ነው?" አላት። ሳቅን እኮ… እንባችን እስኪወጣ። የሳቅነው ግን እኛ ብቻ ነን። ሰውየው በዚያ ወገብ ነው ፕሮፌሰር የተባለው። መጽሐፉም ከዚያ ወጣ፣ ጭብጨባውም ከዚያ። እኛ የፈተልነው ጥጥ ባሕር ተሻግሮ እንዲህ ይከበራል ብሎ ማን ያስብ ነበር? እኔ በበኩሌ ኮርቻለሁ።

አንዲት ሴት ብቻ ነበረች መቀነቷን ፈትታ የመጣች። የሰውየው እናት። እቤቷ ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ በእጇ ይዛው መጣች። "ከልጄ ምን እደብቃለሁ፣ በደንብ ይለካኝ" ብላ። ከእኔ ፊት ነበር የተሰለፈችው። ያን ጊዜም ታለከልክ ነበር… ከቦኖ ውኃ ይዛ ስትመለስ አጥር ተደግፋ ነበር የምትተነፍስ። ተራዋ ሲደርስ ልጇን ሳመችውና እጆቿን ከወገቧ ላይ አነሣችለት። "እማዬ፣ አንቺ አትገቢም" አላት። ዘመድ አይገባም፣ የጥናቱ ደንብ ነው። አዳላ እንዳይባል። ቅንነቱን አየሽልኝ? ሹሙ ሁሉ ለወንድሙም ለአማቹም ሲያደላ አገር በሚያማርርበት ጊዜ፣ ለወለደችው እናቱ እንኳ የማያዳላ ሰው ከየት ይገኛል? ግፊቷን ለብቻው፣ ከጥናቱ ውጭ፣ እንደ ልጅ ቢያይላትስ ትይኝ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ደንቡን የሚያውቀው እሱ ነው። እሷም አልከፋት። መቀነቷን እንደያዘች ተመለሰች። "ልጄ ደንብ አለው" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ከዚያ እግሯ ያብጥ ጀመር። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ ተቀምጣ ታድራለች። ሐኪም ቤት እንሂድ እላታለሁ… እምቢ። "ልጄ የልብ ሐኪም ሆኖ እኔ በሌላ ሰው ልታይ? እናቱን ትቷት ነው አይሉትም? ጊዜ ሲያገኝ ራሱ ያየኛል።" ስንት ለመንኳት። ስሙን ስትጠብቅለት ነበር፣ ገባሽ? በዚህ አገር ልጇ ባለመጋዝ የሆነች እናት ሣንቃ ከሰው አትገዛም፣ ስታፍር ነው። የሷም እንደዚያ ሆነባት። እሱ ደግሞ ይደውላል፣ አይደውልም አልልም። በደወለ ቁጥር "እማዬ፣ ጨው ቀንሺ" ይላታል። ቀነሰች። ወጧን እንግዳ መጉረስ እስኪያቅተው ድረስ ቀነሰች። "ትንፋሽ እያጠረኝ ነው ልጄ" ስትለው "ስመጣ አይሻለሁ" አላት። ዋሸ እንዳትይ። መጣ እኮ… አልቀረም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ብገባ፣ ሆዷ ውኃ ቋጥሮ መቀነቱ አልደርስ ብሏታል። ያ ዞሮ ዞሮ የማያልቀው መቀነት። ጫፍና ጫፉን ይዛ "ውይ፣ አጠረ እኮ" አለችኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። በግድ ባጃጅ ላይ ጫንኳትና ወሰድኳት። ተረኛዋ ሐኪም ክንዷን አሰረች፣ መሣሪያውን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። "ከዚህ በፊት ተለክተው አያውቁም?" አለች። ቀደም ብለው ቢመጡ በኪኒን የሚያዝ ነበር አለች። እዚሁ ከእኛ ፋርማሲ በምትገኝ ኪኒን። ያቺን ኪኒን ሳስባት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ የማን እናት እንደሆነች ስነግራት፣ ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የተማርነው በሱ መጽሐፍ ነው አለች። በአክብሮት ነው የተነሣችው። ጥሩዬ… ምን ነካኝ፣ የሰውየው እናት ማለቴ ነው፣ በዚያ ትንፋሿ ፈገግ አለች። "ልጄን ታውቀዋለች" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየችም፣ አረፈች።

እና አሁን ምን ሰማሁ መሰለሽ? ሰውየው በእናቱ ስም አዲስ ጥናት ሊጀምር ነው። የገጠር እናቶች ልብ ላይ። ድንኳኑም እዚያው ጤና ጣቢያ ግቢ ይተከላል፣ ፎቶዋም በሩ ላይ ይሰቀላል። እንኳን ደስ ያላት። ዘመድ ነሽ ተብላ የተመለሰችው ሴትዮ፣ ይኸው በመጨረሻ ጥናቱ ውስጥ ገባች። ትዕግሥት ብቻ ነበር የጎደላት… አርባ ቀን ያህል።

ቆይ እስቲ፣ ቄሱ ወደኛ እያዩ ነው። ከእናቶች አንዷ ትመርቅ እያሉ ነው መሰለኝ። ጎረቤቷ እኔ ነኝ፣ የገነዝኳትም እኔ ነኝ፣ እኔ ካልመረቅሁ ማን ሊመርቅ? መነሣቱ ይቅርብኝ፣ ጉልበቴ አይችልም። እዚሁ አጠገብሽ ሆኜ ልመርቅ፣ ድምፄ እንደሆነ ይደርሳል።

ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ስሙ ከዚህም በላይ ይጠራ። ያጨበጨቡለት እጆች አይዛሉበት። ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት፣ እንደ እሱ የተማሩ፣ እንደ እሱ ደንብ አክባሪ ያድርግለት። እንደ እሱም ስመ ጥር ሐኪም ይሁኑ። ሲያረጅ ደግሞ፣ እግሩ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ጧሪ አያሳጣው። እሱ ለእናቱ እንደሆነላት፣ ልጆቹም ለእሱ ልክ እንደዚያው ይሁኑለት።

አሜን በይ እንጂ፣ ትርሲትዬ። ያ ከቀሳውስቱ ጎን የተቀመጠው እንኳ አንገቱን ደፍቶ አሜን እያለ ነው።