ሃያ ሰባት ቁጥር አልተሰቀለም

ዶሪን። ብሬት። የክላሪና የታሊያ ቤተሰቦች። ሁለት ቀን ሙሉ በበረዶ ውስጥ የፈለጋችኋቸው ጎረቤቶች። የሩጫ ክለባችን ሰዎች። የተከበራችሁ ሁላችሁ፣ በዚህ ብርድ ከእነዚህ ሁለት መቃብሮች አጠገብ ስለቆማችሁ አመሰግናለሁ።

ስሜ ኬልቪን ብሪግስ ነው። አብዛኞቻችሁ ሥጋ ስትገዙ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ ደግሞ፣ ያ ሃያ ሰባት ቁጥር የሚባለው ሰው እኔ ነኝ።

እኔ መናገር አልነበረብኝም። በእኔ ቢሆን እዚያ ዛፉ ጋ እቆምና፣ ሁላችሁም ስትበተኑ ብቻዬን መጥቼ አፈር አለብስ ነበር። የክላሪ ሚስት ዶሪን እምቢ አለች። ለምን እምቢ እንዳለች እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ድምፄ ከቆየልኝ።

ክላሪ ፓይበስ ሠላሳ አንድ ዓመት በክለባችን ሮጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት መጨረሻ ወጣ። አቅም አንሶት ነው? በጉልምስናው ይህን ተራራ ሲወጣ የሚቀድመው አልነበረም። መጨረሻ የሚወጣው ደጀናችን ስለነበረ ነው። ደንባችን አጭር ነው። ቅዳሜ ስትመጣ ከሰሌዳው ላይ ቁጥርህ የተቀረጸበትን ትንሽ ናስ ታነሳለህ። ሮጠህ ስትመለስ ምስማሩ ላይ መልሰህ ትሰቅላለህ። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ተራራው ላይ ሰው አለ ማለት ነው። ተራራው ላይ ሰው ካለ ደግሞ ክላሪ ቤቱ አይገባም። ይኸው ነው ደንቡ።

እኔ ክለቡን የተቀላቀልኩት ሐኪሜ «ወይ ሩጥ፣ ወይ ኑዛዜህን ጻፍ» ስላለኝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። የመጀመሪያው አጥር ጋ ሳልደርስ የበላሁትን አስመለስኩ። ሁላችሁም ጥላችሁኝ ነጎዳችሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

«ተወኝ፣ አንተ ሂድ» አልኩት።

«ወዴት ልሂድ? ሥራዬ ከአንተ ኋላ ነው።»

«እሞታለሁ እኮ ክላሪ!»

«ከሞትክማ ቋሊማውን ማን ሊያመጣልን ነው? ና፣ ቀስ በል። ማንም አያባርርህም።»

ከዚያ እስከ ላይኛው የውሃ ታንከር ድረስ ስለ ድንች አወራልኝ። ድንች እንዴት እንደሚኮተኮት፣ ውርጭ እንዴት እንደሚያቃጥለው፣ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚሰርቀው። ስንመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ዳቦው አልቋል። ቁጥሬን ስሰቅል ክላሪ አጨበጨበልኝ። የሚያጨበጭብ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ለብቻው አጨበጨበ።

ታሊያስ? ታሊያ ዉልኖ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስትነዳ ልጆቻችሁን ስንት ጠዋት አድርሳለች? ሩጫ ላይ ግን ማን ደረሰባት? አንደኛ ትገባለች፣ ቁጥሯን ትሰቅላለች፣ ሁለት ዳቦ በቋሊማ ጠቅልላ ትበላለች። አፏን ጠርጋ ደግሞ ተመልሳ ወደ ተራራው። «ሽማግሌውን ላምጣው» ትላለች። ከእኛ መካከል ሁለቴ የምትሮጥ እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን እኔና ክላሪ ሁለተኛው አጥር ጋ ስንንፏቀቅ ከታች መጣች።

«ክላሪ! ዛሬ ደግሞ ቀንድ አውጣ ነው እንዴ የምታሳድደው?»

«ቀንድ አውጣዋማ ቀድማን ገባች። ይሄ ኬልቪን ነው።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። አሁንም ይሰማኛል ሳቋ። ሥጋ ስቆርጥ ይሰማኛል፣ ስነዳ ይሰማኛል። ብሬት፣ አንተ ባሏ ስንት እጥፍ እንደሚሰማህ እኔ አላውቅም። ዛሬ ፊቴን እንደማታይ አያለሁ። ልክ ነህ። አትየኝ። ስማኝ ብቻ።

ያን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳን። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ወደኋላ ቀረሁ፤ ክላሪ ግን ያን ቀን ጉልበቷን ያመማትን አንዲት ሴት እየደገፈ ከእኔም ኋላ ነበር። ሦስተኛው አጥር ጋ ስደርስ ማንም አያየኝም። ቁልቁል ሳይ የቤቴ ጣራ ይታየኛል። በበጎቹ ግጦሽ አቋርጬ ወረድኩ። ቁጥሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለፖሊስ እግሬን ቁርጥማት ያዘኝ አልኩ። ለሁላችሁም እንደዚያው አልኩ። እግሬ ምንም አልሆነም። የኳሱ ሁለተኛ አጋማሽ ሊጀምር ነበር። እሱ ነው ምክንያቱ። ሌላ ምክንያት የለም። ሰው ለኳስ ብሎ ... ሰው ለኳስ ብሎ ቤቱ ይገባል፣ ምን አለበት? ቁጥሩን ግን ይሰቅላል! አንድ ስልክ ደውሎ «እኔ ገብቻለሁ» ይላል! እኔ ጫማዬን አወለቅኩና ሶፋ ላይ ተጋደምኩ።

ክላሪ ሲመለስ ሃያ ሰባት ቁጥር ምስማሩ ባዶ ነው። መኪናዬ ክለቡ በር ላይ ቆማለች። ጉሙ መውረድ ጀምሯል። ምን ያስብ? ታሊያ ቁጥሯን ሰቅላ ሻይ ይዛለች። «ብቻህን አትሄድም» አለችው። ሻይዋን አስቀምጣ ተከተለችው። ቁጥሯን ሳታነሳ ሄደች። በሰሌዳው ከሄድን ታሊያ ያን ቀን ገብታለች። ቤቷ ያለች ነው የሚመስለው።

አንዳችሁ መኪና ይዛችሁ ቤቴ ስትመጡ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በሩን ስከፍት ፊታችሁን አየሁት። ከዚያ ሁላችንም ሮጥን። ሮጥን፣ ተጣራን፣ በረዶው መለሰን። ሰኞ ጠዋት ከታንከሩ በታች ቋጥኝ ሥር ተገኙ። የታሊያ ጃኬት ክላሪ ላይ ነበር። የእሱ ፊሽካ እጇ ውስጥ ነበር። እሷ እኮ መውረድ ትችል ነበር! ከሁላችንም የፈጠነ እግር የነበራት እሷ ናት! ትታው አልወረደችም።

እኔ እግዚአብሔርን ብዙ የማናግር ሰው አይደለሁም። በዚህ ሳምንት ግን በየቀኑ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ያችን አንዲት ደቂቃ መልስልኝ አልኩት። አልመለሰልኝም።

የትኛዋን ደቂቃ እንደሆነ ዶሪን ታውቃለች። ማክሰኞ ቤቴ መጣች። የክላሪን ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ደውሎልሃል» አለችኝ።

«አዎ።»

«አላየኸውም?»

ልዋሻት እችል ነበር። «አይቼዋለሁ» አልኳት።

አይቼዋለሁ። ስልኬ ጠራ። ክላሪ ይላል። በአቋራጭ ስለገባሁ ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ ሳቅኩ። ስልኩን ገልብጬ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። እስኪያቆም ጠራ። ከሦስተኛው አጥር በላይ ስልክ እንደማይሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አጥሩ ጋ ቆመው ነበር የደወሉት። አንስቼው ቢሆን ቁልቁል ይመለሱ ነበር።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ በወደድኩ። ተነሳች፣ ኮቷን ቆለፈች።

«በቀብሩ ላይ የምትናገረው አንተ ነህ» አለችኝ። «ደውሎልህ ነበር። መልስለት።»

ስለዚህ ይቅርታ ልጠይቃችሁ አይደለም የቆምኩት። ብሬት፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያን ያህል አይን አውጣ አይደለሁም። ሰሌዳውን እዚህ አምጥተነዋል፤ ያው ታዩታላችሁ። ሁለት ምስማር ባዶ ነው። አንድ ቁጥር ክላሪ አንገት ላይ ነው፤ አብሮት ይቀበራል። ሃያ ሰባት ቁጥር ይኸውና እጄ ውስጥ ነው። ሳምንት ሙሉ እጄ ውስጥ ነው። አሁን እሰቅለዋለሁ።

ክላሪ።

አቤት። አቤት ክላሪ። ኬልቪን ነኝ። ቤቴ ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ኳስ እያየሁ ነው። ስደበኝ፣ የፈለግከውን በለኝ። ብቻ ከዚያ በላይ አትውጡ። ታሊያ አጠገብህ ናት አይደል? ገብቷል በላት። ሻይዋ እንዳይቀዘቅዝ ይዛህ ትውረድ። ሁሉም ሰው ገብቷል፣ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

በሉ፣ ደህና ግቡ።